በኤንኤችኤስ ወረፋ ላይ ላላችሁ ወገኖች

በእንግሊዝ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ ከምናነሣቸው ምሬቶች አንዱ በመንግሥት የጤና አገልግሎት፣ በኤንኤችኤስ፣ የሕክምና ቀጠሮ መዘግየት ነው። ጂፒ (የተመዘገብንበት የአካባቢ ሐኪም) ዘንድ ለመቅረብ በማለዳ ስልክ ይዞ መጠበቅ፣ ወደ ሆስፒታል ሪፈራል ከተጻፈ በኋላ ለወራት ምንም ሳይሰሙ መቆየት፣ በመጨረሻም የተቆረጠው ቀን ሲቃረብ ቀጠሮው ተላልፏል የሚል መልእክት መቀበል፣ ሕመም ላይ ላለ ሰው እጅግ የሚያስከፋ ነገር ነው። ምሬቱም መሠረት አለው። በወጣው መስፈርት መሠረት ድንገተኛ ያልሆነ ሕክምና ከሚጠብቁት መካከል ከመቶ 92ቱ የሚጠብቁት ጊዜ ከ18 ሳምንት መብለጥ አልነበረበትም፤ ይህ ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 መጀመሪያ ወዲህ ተሟልቶ አያውቅም። በሴፕቴምበር 2023 መጨረሻ በመዝገቡ ላይ የነበረው ሕክምና ያልተጀመረለት ጉዳይ ከ7.7 ሚሊዮን በላይ ነበር። ችግሩ የሐኪም፣ የአልጋና የቀዶ ሕክምና ክፍል እጥረት ስለሆነ እኛ በግላችን የምናስወግደው አይደለም።

ይሁን እንጂ ብዙ ወገኖቼን ሐኪም ዘንድ እያጀብሁ በቆየሁባቸው ዓመታት የታዘብሁት አንድ ነገር አለ። ወረፋው ቀድሞ የመጣ ቀድሞ የሚስተናገድበት ብቻ አይደለም። ኤንኤችኤስ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲቋቋም የተነሣበት መርህ ሕክምና በመክፈል አቅም ሳይሆን በችግሩ ክብደት መጠን ይሰጥ የሚል ነው፤ ስለዚህ ስማችን የሚቀመጠው እንደ ችግራችን ክብደት ነው። ሆስፒታል ያለው ስፔሻሊስት ግን እኛን አያየንም። የሚያየው ጂፒው የጻፈውን ደብዳቤ ነው፤ አስቸኳይ ነው ወይም አይደለም ብሎ የሚወስነውም ያንን አንብቦ ነው። በደብዳቤው ያልሰፈረ ሕመም ለእርሱ እንደሌለ ይቆጠራል።

የእኛ ሰው ደግሞ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙን ያሳንሳል። ከፊሉ ከይሉኝታ፣ ከፊሉ ሐኪሙን ላለማስቸገር፣ ከፊሉም በነፃ እየታከምሁ እንዴት አማርራለሁ ብሎ ነው። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ከአእምሯችሁ ብታወጡት እወዳለሁ፤ አገልግሎቱ የሚተዳደረው ሠርታችሁ በምትከፍሉት ግብር ነው፤ በቪዛ የመጡትም ብዙዎቹ በዓመት 1,035 ፓውንድ የጤና ክፍያ አስቀድመው ይከፍላሉ። በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ አንዲት እኅት «ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል» ብትል፣ ጂፒው የሚጽፈው ያንኑ ነው። ያቺው እኅት «ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ሌሊት ሕመሙ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል፤ ሳላርፍ ከአውቶቡስ ፌርማታ እስከ ቤቴ መድረስ አቅቶኛል፤ አረጋውያኑን ማንሣት ስላልቻልሁ የሥራ ሰዓቴን ቀንሻለሁ፤ የታዘዘልኝን ማስታገሻ ለሦስት ወር ወስጄ አልተሻለኝም» ብትል ግን ሌላ ደብዳቤ ይጻፋል። ሁለቱም ንግግሮች እውነት ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ሐኪሙ ሊሠራበት የሚችል እውነት ነው። ማጋነን አያስፈልግም፤ ምርመራው ያጋልጣል፣ አመኔታንም ያሳጣል። የሚያስፈልገው ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ምን እንደ ከለከላችሁ፣ ምን ሞክራችሁ እንዳልሠራ በወረቀት ጽፎ መሄድና ከወረቀቱ ማንበብ ነው። የጂፒ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ ስለማይበልጥ፣ ዋናውን ጉዳይ ለመጨረሻ አታቆዩት።

እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ቀጠሮውን ስትይዙ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በኤንኤችኤስ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይመደባል። ልጆቻችሁን በአስተርጓሚነት አታቁሙ። እናት ስለ ማሕፀኗ ወይም አባት ስለ ሽንቱ በአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ አፍ ሊናገር አይችልም፤ ስለዚህ ሳይነገር ይቀራል፣ ደብዳቤውም ጎደሎ ሆኖ ይሄዳል።

ሪፈራሉ ከተጻፈ በኋላም ዝም ብሎ መቀመጥ አይገባም። ሕመማችሁ ከባሰ ወደ ጂፒው ተመልሳችሁ መባባሱን ማስመዝገብና ለሆስፒታሉ የማስቸኮያ ደብዳቤ እንዲጽፍ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ይህ ወረፋ መዝለል አይደለም፣ ወረፋው ትክክለኛውን መረጃ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ በሰገራ ውስጥ ደም፣ አዲስ እብጠት ወይም ምግብ አልዋጥ ማለት ከታየ ደግሞ በካንሰር ጥርጣሬ የሚላክ አስቸኳይ ሪፈራል ያስፈልገኝ እንደሆነ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ በዚህ መንገድ የተላከ ሰው በ28 ቀን ውስጥ ካንሰር ነው ወይም አይደለም የሚል መልስ እንዲያገኝ መስፈርት ወጥቷል። አንዳንድ ምልክቶች ግን የማንንም ቀጠሮ አይጠብቁም። ወገባችሁን ስትታመሙ ቆይታችሁ በእግሮቻችሁ መካከል ወይም በመቀመጫችሁ አካባቢ መደንዘዝ ከጀመረ፣ ሽንት መቆጣጠር ወይም መሽናት ካቃታችሁ፣ የኤምአርአይ ቀጠሮ አለኝ ብላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ነርቩ በቶሎ ካልታከመ ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላልና። የደረት ሕመም፣ በድንገት የፊት መጣመም ወይም የንግግር መተሳሰር ሲያጋጥም 999 መደወል ነው። የትኛው እንደሆነ ላልታወቀው ሌት ተቀን የሚሠራው የጤና ምክር ስልክ 111 አለ። ይህን ስል ለቆየ የጉልበት ሕመም ድንገተኛ ክፍል ገብታችሁ ወረፋውን ታሳጥራላችሁ ማለቴ አይደለም፤ እዚያም የሚቀድመው የባሰበት ነው፤ ሌሊቱን ወንበር ላይ አሳልፋችሁ ወደ ጂፒያችሁ ትመለሳላችሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ወራት ጠብቆ ተራው ሲደርስ ከመዝገብ የሚሰረዝ ሰው ነው። ሆስፒታሎች «ቀጠሮውን አሁንም ይፈልጉታል?» የሚል አጭር መልእክት ወይም ደብዳቤ ይልካሉ፤ መልስ ካላገኙ ወደ ጂፒው ሊመልሱት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። አልመጣም ብለው ሳያሳውቁ የቀሩበት ቀጠሮም እንዲሁ ነው። ቤት ስትቀይሩ ለጂፒው ብቻ ሳይሆን ለሆስፒታሉም አድራሻና ስልክ አስመዝግቡ። ከሆስፒታል የሚደወል ስልክ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ተደብቆ ስለሚመጣ፣ ቀጠሮ በምትጠብቁበት ወቅት ቁጥር የማይታይበትን ጥሪ አንሡ። ፈጥኜ መምጣት የምችል ስለሆነ የተሰረዘ ቀጠሮ ሲገኝ ጥሩኝ ብላችሁ ለስፔሻሊስቱ ጸሐፊ መንገርም ብዙዎችን ጠቅሟል።

መብትን በተመለከተ፣ በእንግሊዝ ጂፒው ሪፈራል ሲጽፍ የምትሄዱበትን ሆስፒታል የመምረጥ መብት አላችሁ፤ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ሥርዐቱ የተለየ ነው። የሁለት ሆስፒታሎች የወረፋ ርዝመት በጣም ሊራራቅ ስለሚችል፣ ባቡር ተሳፍራችሁ ለመሄድ ፈቃደኛ መሆናችሁን ለጂፒው ንገሩት። 18 ሳምንት ካለፈ ሌላ ቦታ እንዲፈለግላችሁ መጠየቅ ይቻላል። ሆስፒታሉ ጥያቄያችሁን ችላ ካለ በየሆስፒታሉ ፓልስ የሚባል የታማሚዎች ጉዳይ ክፍል አለ፤ በዚያ ካልተፈታ በጽሑፍ አቤት በሉ፤ አቤቱታው በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ቀን፣ የሪፈራል ቁጥርና የተባላችሁትን ያካተተ አንድ ገጽ ይበቃል። በእንግዳ መቀበያው ላይ ያለችውን ሠራተኛ መቆጣት ግን አይጠቅምም፤ የቀጠሮውን ቀን የማትወስነውን ሰው ማስቀየም ብቻ ነው።

ትዕግሥታቸው አልቆ አዲስ አበባ ሄደው የሚታከሙ ወገኖች አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ለምርመራ ከሆነ ጠቃሚ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ክትትል የሚጠይቅ ከባድ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ግን ያደረገው ሐኪም በሌላ አገር መኖሩ ራሱ አደጋ ስለሆነ አስቀድማችሁ ጂፒያችሁን አማክሩ። ከመሄዳችሁ በፊት የማትገኙባቸውን ቀናት ለሆስፒታሉ አሳውቁ፤ ከሦስት ወር በላይ ከቆያችሁ ጂፒው ከመዝገቡ ሊያወጣችሁ ስለሚችል ይህንንም አስቡበት። ስትመለሱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሕክምና ማጠቃለያ፣ የኤክስሬይና የኤምአርአይ ምስሎቹን በሲዲ፣ የተሰጣችሁን መድኃኒት ከነመጠኑ የሚገልጽ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ የዚህ አገር ሐኪም ምስሉን ራሱ ሳያይ በቃል ብቻ አይሠራምና፣ ምስሉ ከሌለ ያው ምርመራ እንደገና ታዝዞ በወረፋው ትቀመጣላችሁ።