«እሺ» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ ክፍት ትዳር የቀረቡልኝ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ነርስ ነኝ። ካገባሁ 13 ዓመት ሆኖኛል፤ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት እኔና ባለቤቴ ከትዳራችን ውጭ ወዳጅ መያዝ እንደምንችል ተስማምተን፣ አንዳችን የሌላውን ወዳጅ እያወቅን በክፍት ትዳር ኖረናል። ይህን የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ጥያቄ ይዘው መጡ፤ እነርሱም ሌሎችን አመጡ። የምመልሰው እንደ ሰባኪ አይደለም፤ በዚያው መንገድ ላይ ደጋግሞ እንቅፋት እንደመታት ሴት ነው።

ጥያቄ፦ በስምንተኛ ዓመታችን ባለቤቴ «ትዳራችን ክፍት ይሁን» አለኝ። እምቢ ብለው ጥሎኝ የሚሄድ ይመስለኛል። እሺ ልበለው?

መልስ፦ አትበይው፣ እኅቴ። እንዳይሄድብሽ ብለሽ የምትሰጪው እሺታ ስምምነት ሳይሆን ቤዛ ነው። መጀመሪያ «እምቢ ብልህስ?» ብለሽ ጠይቂውና ፊቱን ተመልከቺ። «እንግዲያው ይቅር፣ ምን እንደጎደለን እናውራ» ካለ የሚያነጋግር ባል አለሽ። ካኮረፈ፣ ጀርባውን ሰጥቶሽ ከተኛ፣ ወይም «አንቺ ድሮም ኋላ ቀር ነሽ» ካለሽ ግን የመጣው ሊጠይቅሽ አልነበረም፤ የወሰነውን ሊያስፈርምሽ ነው።

ሌላም ጠይቂው፦ «ያሰብካት ሴት አለች?» ወደ እኔ ከመጡት ባሎችና ሚስቶች ብዙዎቹ ሐሳቡን ለትዳር ጓደኛቸው ያቀረቡት ሰው ከመረጡ በኋላ ነበር። እንዲህ ከሆነ የምትነጋገሩት ስለ ክፍት ትዳር አይደለም፤ ስለ ተጀመረ ክህደት ነው። ያ ጉዳይ ግልጽ ሳይሆን ወደ ሌላው አትለፊ።

ጥያቄ፦ ይህ ውሽምነት በሌላ ስም አይደለም? አያቶቻችንስ ከአንድ በላይ ያገቡ አልነበረም?

መልስ፦ ውሽማ በድብቅ ነው። ጣውንት ደግሞ በግልጽ ብትመጣም የመጀመሪያዋን ሚስት ፈቃዷን የጠየቃት አልነበረም፤ እርሷም እንደ ባሏ ሌላ ልታገባ አትችልም ነበር። እኔ የማወራው ሁለቱም ስለሚያውቁት፣ ሁለቱም «አይሆንም» ሊሉ ስለሚችሉት ነገር ነው። አንዱ ከጎደለ የፈለጋችሁትን ስም ስጡት።

ጥያቄ፦ ሚስቴ ለራሷ ሌላ ሰው አትፈልግም፤ እኔን ግን «ሂድ፣ አልከለክልህም» አለችኝ። ስመለስ ዓይኗ ቀልቶ አገኛታለሁ። ፈቅዳለች ወይስ አልፈቀደችም?

መልስ፦ አፏ ፈቅዷል። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላ ሴት ጋር ራት ሊበላ የወጣ ዕለት እኔ ጀበና አጠብሁ። ሦስት ጊዜ። ቡና አልተፈላበትም፤ ንጹሕ ነበር። ሲመለስ «ደህና ነኝ» አልሁት፤ ዋሸሁ። ለሁለት ሳምንት ያህል በሴትዮዋ የቀናሁ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሲገባኝ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርደን የዓሣ ሾርባ እንብላ ስለው አራት ወር ሙሉ «ሥራ በዝቶብኛል» ያለኝ ሰው፣ ለእርሷ ሸሚዝ ተኩሶ ወጣ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ «ለምን ቀናሽ?» ብለህ አትጠይቃት፤ «ከእኔ ምን ጎደለብሽ?» በላት። መልሱ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሊሆን ይችላል። «የት እንዳለህ ንገረኝ፣ ምን እንዳደረግህ ግን አትንገረኝ» ልትልህም ትችላለች፤ ሁሉንም መስማት የሚያረጋጋው አለ፣ አንዲት ቃል የምታሳምመውም አለ። እስክትነግርህ ድረስ መውጣትህን አቁም። ሁለት ሰው አብሮ ሲጓዝ ፍጥነቱን የሚወስነው ቀስ የሚለው ነው። የፍላጎታችሁ አለመገጣጠም በራሱ የማንም በሽታ አይደለም፤ እርሷ ቀዝቃዛ፣ አንተም ባለጌ ስለሆንክ አይደለም። ምናልባት ግን ይህ ኑሮ ለእርሷ የማይሆን ነው። ያን ብትነግርህ ልትሰማት ተዘጋጅተሃል?

ጥያቄ፦ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስድስት ወር ሙሉ ለእኔ ማንም አልተገኘም፤ ሚስቴ ግን ሰው አገኘች። አሁን «ስምምነታችን ይቅር» ልላት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ሲመጣልኝ ፈገግታዬን እየታገልሁ ነው የምመልሰው፤ ይቅርታ። አዲስ ነገር አይደለም፤ በሩን ያንኳኳው ባል ቆሞ ቀርቶ ሚስት ስትገባ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መከፋትህን ንገራት፤ «ተከፋሁ» ማለት ግን አንድ ነገር ነው፣ «ደንቡ ተቀየረ» ማለት ሌላ። ለራስህ ስታስበው የጣመህ ደንብ ለእርሷ ሲደርስ ከመረረህ፣ የፈለግኸው ለአንተ ብቻ የሚከፈት በር ነበር።

ጥያቄ፦ ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ያነበብሁትን ልንገራችሁ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አመንዝራነትን ይቀጣል፤ የሚከሰሰው ግን የተበደለው የትዳር ጓደኛ ሲያመለክት ነው፣ ፈቅዶ የነበረም ማመልከት አይችልም። ወዳጃችሁ ራሱ ባለትዳር ከሆነና ሚስቱ ካላወቀች ግን የእናንተ ስምምነት እርሷን አያስራትም። በትዳር ላይ ሌላ ጋብቻ መፈጸም ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። የቤተሰብ ሕግ በየክልሉ ስለሚለያይ እዚሁ ጠበቃ ጠይቁ። ፌዴራሉን ብናይ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ብሎ ይገምታል፤ ተጋቢዎች በጋብቻ ውስጥ የሚያገኙትን ገቢም የጋራ ያደርገዋል። የደመወዛችሁን ብር ለወዳጅ ስጦታ ስታወጡ ከማን ኪስ እንደሆነ ታውቃላችሁ ማለት ነው። በእኛ ቤት የዕቁብ ብር ለዚህ አይነካም።

ጥያቄ፦ ተመርምሮ «ነጻ ነኝ» ያለኝን ሰው ልመን?

መልስ፦ ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ዛሬ አይደለም። የኤችአይቪ የደም ምርመራ አዲስ የተያዘን ሰው እስከ 90 ቀን ድረስ ላያሳይ ይችላል። ጨብጥ ብዙ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳይም። ኮንዶም፣ በየሦስት ወሩ ምርመራ፣ ለጉበት ቫይረስ «ቢ» ክትባት። ኮንዶም የተቀደደ ዕለት በዚያው ምሽት ለትዳር ጓደኛ ይነገራል፤ ይህን ቃል መግባት የማይችል ሰው ባይጀምር ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ትንሽ ናት። ፍቅር ሐይቅ ዳር ከማን ጋር እንደተቀመጥን እቤት ሳንደርስ ይሰማል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ አንድ ቀን ጎረቤቴ ነጠላዋን በቅጡ ሳትለብስ እየሮጠች መጣች። ባለቤቴን ከአንዲት ሴት ጋር በባጃጅ ሲሄድ አይታዋለች። «አውቃለሁ» አልኋት። ድንገት ያመመኝ ይመስል ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ቤቴ ምግብ ይዛ ትመጣ ነበር። ባል ሲታይ ሚስት ትታዘናለች፤ ሚስት ስትታይ ግን ባል አይታዘንለትም፣ ይሳቅበታል፣ እርሷም ስሟ ይጠፋል። ሸክሙ እኩል አይደለም፤ ስትስማሙ ይህንንም ቁጠሩት። ለጎረቤት ምን እንደምትመልሱ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ «የሥራ ባልደረባው ናት» እንላለን። ውሸት ነው፤ ባለቤቴ ይጠላዋል፣ እኔ ደግሞ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ደጃፍ ስለሚታየኝ አጥብቄ ይዤዋለሁ። እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ጥያቄ፦ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ሚስቱ ታውቀኛለች። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላም በፋሲካም ግን ብቻዬን ነኝ። መጠየቅ መብቴ ነው?

መልስ፦ ነው። የበዓሉን ቀን ላታገኚ ትችያለሽ፤ ልጆች አሉ፣ ዘመድ አለ። የበዓሉ ማግስት ግን ለምን ያንቺ አይሆንም? ሁለቱ ስለ አንቺ ሲስማሙ አንቺ ካልነበርሽበት ግማሹ ስምምነት ገና አልተደረገም።

ጥያቄ፦ ለንስሐ አባቴ ልናገር?

መልስ፦ መልሳቸውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ቤተ ክርስቲያን አንድ ለአንድ ብላ ታስተምራለች። እኔ ከእርሳቸው በላይ ሆኜ ፈቃድ ልሰጥሽ አልችልም።

ጥያቄ፦ ከተከፈተ በኋላ መዝጋት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። እናቴ የታመመች ዓመት እኔ ጠይቄ ዘጋነው። ባለቤቴ በዚያው ሳምንት ለወዳጁ ሄዶ ፊት ለፊት ነገራት። በስልክ መልእክት ልኮ ሊገላገል ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልሁት። አልቅሳ እንደነበር ነገረኝ። እናቴ ስታርፍ ለቅሶ መጥታ ከኋላ ተቀመጠች፤ ቡና የቀዳሁላት እኔ ነበርሁ።