መልስ፦ ኬሱን ማንንም ሳልወቅስ እንዴት ላቅርብ?

10 ዩኒት ኢንሱሊን 100 ሆኖ የተሰጠበትን የባልደረባህን ኬስ በሞርታሊቲ ኮንፈረንስ (ሐኪሞች ከሞትና ከስህተት ለመማር በሚወያዩበት ስብሰባ) ስታቀርብ "ማን?" የሚለውን ተወውና "እንዴት አለፈ?" ብለህ ጀምር። ትዕዛዙ መቼ ተጻፈ፣ መቼ ተሰጠ፣ ስኳሩ መቼ ተለካ፤ በሰዓቱ ቅደም ተከተል አንድ ስላይድ ይበቃል።

ከዚያ ቻርቱን አጉልተህ አሳይ። 10 ዩኒት ኢንሱሊን 100 ሆኖ የተሰጠው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ ኋላ የምትጻፈው የእንግሊዝኛዋ "ዩ" (U፣ የዩኒት ምህጻረ ቃል) ዜሮ ትመስላለች። ሆስፒታሎችን የሚገመግመው የአሜሪካው ጆይንት ኮሚሽን ይህችን ምህጻረ ቃል በአውሮፓውያኑ 2004 ከከለከላቸው መካከል ያስገባት ለዚህ ነው። "ዩኒት" ተብሎ በሙሉ ይጻፍ። መጨረሻ ላይ አንድ ለውጥ ብቻ አቅርብ፤ የሚከታተለው ሰውና ቀኑ ይታወቅ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ባልደረባህን ቀድመህ አናግረው፣ ስላይዱንም አሳየው። ስም ባትጠራም ሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም) ሁሉ ያውቀዋል። አዳራሽ ውስጥ ድንገት የተጋለጠ ሰው ሲያፍር አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ስህተቱን ደፍሮ የሚናገር ይጠፋል።