ከስራ ተሰናበትኩ፣ ጠበቃ ልያዝ ወይስ ራሴ ልከራከር ላልሽው እህት

እህቴ መጀመሪያ አይዞሽ። ካዛንቺስ ያለ ድርጅት ውስጥ 4 አመት ሰርተሽ "በስራ አፈጻጸም ጉድለት ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሻል" የሚል ደብዳቤ ሰጡሽ፣ ክሊራንስ ጨርሰሽ ገንዘብሽን ውሰጂ አሉሽ፣ አንቺ ደግሞ ለጠበቃ የምከፍለው ከማገኘው ይበልጥብኛል ብለሽ ፈርተሻል። እኔ ስታዲየም አካባቢ ያለ የግል ድርጅት ፐርሰኔል ክፍል ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ እንዲህ አይነት ደብዳቤ ሲዘጋጅ አጠገቡ ነበርኩና ያየሁትን ልንገርሽ።

እኛ ጋ የስንብት ደብዳቤ ሰራተኛው እጅ ሳይገባ በፊት የድርጅቱ ጠበቃ ያየው ነበር። አንቺም ሰው ማማከር ያለብሽ አሁን ነው፣ ፋይል ተከፍቶ ቀጠሮ ከተያዘ በኋላ ቢሆን ግን ብዙ ነገር ያመልጥሻል። የብሩን መጠን ለጊዜው ተይውና ቀኑንና ወረቀቱን እዪ።

ቀኑ ስልሽ፣ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት ወደ ስራዬ ልመለስ ብለሽ የምትከሺ ከሆነ ያለሽ ጊዜ ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ብቻ ነው፣ ከስንብቱ ጋር የተያያዘ ክፍያ ደግሞ 6 ወር፣ ያልተከፈለሽ ደመወዝና ኦቨርታይምም 6 ወር ነው ግን የሚቆጠረው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ጋ ነው። ስራ አስኪያጁ "ትንሽ ታገሺ እናየዋለን" ይላል፣ ዘመድ ሽማግሌ እንላክ ይላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ 3 ወሩ ያልቃል። የቃል ተስፋ ይርጋውን፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜሽ መቆጠሩን፣ አያቆምም፣ መብትሽን በጽሁፍ ካመኑልሽ ግን ሌላ ነው፣ ስለዚህ የሚነግሩሽን ሁሉ በኢሜይል ወይ በደብዳቤ ጠይቂ።

ወረቀቱ ደግሞ ክሊራንሱ ነው እና እባክሽ ዝም ብለሽ እንዳትፈርሚ። እኛ ጋ የነበረው ፎርም ላይ ስቶር፣ ፋይናንስ፣ አይቲ እያለ የፊርማ ሳጥኖቹ ይወርዳሉ፣ ከስር በትንንሽ ፊደል "ከድርጅቱ ጋር በስምምነት ተለያይቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ የምጠይቀው ነገር የለም" ይላል። ሰው ካሸር መስኮት ላይ ቆሞ የቤት ኪራዩን እያሰበ ሳያነበው ሲፈርም ስንቴ አይቻለሁ፣ እስካሁን ያናድደኛል። ህጉ በስምምነት ስትለያዩም ሰራተኛው መብቱን መተዉ ዋጋ የለውም ይላል፣ ግን አንዴ ከፈረምሽ በኋላ "ተባረርኩ እንጂ አልተስማማሁም" ብለሽ የምታስረጂው አንቺ ትሆኛለሽ። የግድ መፈረም ካለብሽ "ቀሪ መብቴን ሳልተው የተቀበልኩ" ብለሽ በእጅሽ ጽፈሽ ፎቶ አንሺው።

የአንቺ ጉዳይ ጠበቃ ይፈልጋል የምልሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ የችሎታ ማነስ በማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ምክንያት ነው እንጂ በዕለቱ ውጪ የሚያስብል አይደለም፣ ለ4 አመት አገልግሎት ደግሞ ማስጠንቀቂያው 2 ወር ነው። ስንብቱ ህገወጥ ተብሎ ወደ ስራ የማትመለሺ ከሆነ ካሳው በ180 ቀን ደመወዝ ይሰላል፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜም ይታሰባል፣ ስለዚህ የምታገኚው አንቺ እንደፈራሽው ትንሽ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛ "ሱፐርቫይዘር" ነበርኩ ብለሻል። ይሄ ቃል ያሰጋኛል፣ የድርጅት ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው መቃወሚያ "ከሳሽ የስራ መሪ ስለሆነች አዋጁ አይመለከታትም" የሚል ነው፣ ያ ከተሳካለት ወደ ስራ መመለስ የሚባለው ነገር ይቀራል። የስራ መሪ ነሽ ወይ የሚለው የሚለየው በስራሽ ነው፣ የመቅጠር የማባረር የመመደብ ስልጣን ነበረሽ ወይ ነው ነገሩ፣ ይሄን በማስረጃ መከራከር ደግሞ የባለሙያ ስራ ነው።

የስራ ልምድ ወረቀት ከለከሉኝ ወይም የአንድ ወር ደመወዝ ቀረብኝ ብቻ ብትዪ ኖሮ ራስሽ ሂጂ ነበር የምልሽ፣ ለስራ ክርክር ሰራተኛው ለፍርድ ቤት የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉልሽም አሉ፣ ጎበዞች አሉባቸው፣ ግን የሚጽፉት የነገርሻቸውን ነው፣ ሳትነግሪያቸው የቀረሽው ነገር ይቀራል።

ጠበቃ ስልሽም ወዲያው ሙሉ ክስ አስይዢ ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ የምክር ብቻ ክፍለሽ ደብዳቤውን፣ የቅጥር ውሉን፣ የስራ ዝርዝርሽንና የግምገማ ውጤቶችሽን አሳዪው። የፌዴራል ፍርድ ቤት የጥብቅና ፈቃድ እንዳለው ጠይቂ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከያዝሽው ክፍያው በጽሁፍ ውል ይሁን፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደሽ ውክልና ስትሰጪ ደግሞ "ገንዘብ መቀበል" እና "መታረቅ" የሚሉትን አንብበሽ ካልፈለግሽ አስወጪያቸው። አቅም ካነሰሽ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ህግ ትምህርት ቤት ነፃ የህግ ድጋፍ አለው፣ የኢትዮጵያ ሴት የህግ ባለሙያዎች ማህበርም ሴቶችን በነፃ ያማክራል፣ ሄደሽ ጠይቂያቸው።

የደብዳቤውን ቀንና የስራ ዝርዝርሽ ላይ ሰው የመቅጠር ወይ የመቅጣት ስልጣን ተጽፎ እንደሆነ እዚሁ መልሺልኝ፣ የድርጅቱን ስም ግን አትጻፊ።