ሥር የሰደደ ተክል ከነአፈሩ ማንሳት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ጓሮ ውስጥ ዓመታት የቆየን ተክል ወደ ሌላ ቦታ ስለማዛወር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን እነሆ፤ በቅንፍ ያለው የጠያቂው ከተማ ወይም የደሴ ሰፈሩ ነው።

ጥያቄ (ሆጤ)፦ ጋሼ፣ አጥራችን ወደ ውስጥ ሊገባ ነው። እናቴ የተከለችው የ12 ዓመት ጽጌረዳ እዚያው አጥሩ ሥር አለ። ይተርፍ ይሆን?

አብሽሪ፣ ይተርፋል። ጽጌረዳ ከአሮጌ እንጨቱም ስለሚያቆጠቁጥ መዛወርን ይችላል። ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተሽ ቁረጪው። ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብለሽ ዙሪያውን ቆፍሪና ከነአፈሩ ጆንያ ላይ አውጪው። ሥሩ ፀሐይ አይንካው። አዲሱ ቦታ ግን ከዚህ በፊት ጽጌረዳ ለዓመታት የቆመበት አይሁን፤ እዚያ አፈር ላይ አዲስ ጽጌረዳ አያምርበትም።

ጥያቄ (ቧንቧ ውሃ)፦ ትልቅ ጌሾ ላዛውር ነው። መቼ ላንሳው?

የምታነሳው ሰኔ መጨረሻ ነው፤ ሥራው የሚጀመረው ግን መጋቢት ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህንን ነው፣ ተክሉም የሚሞተው በዚሁ ነው።

ውሃ የሚጠጣው ወፍራሙ ሥር አይደለም፣ ጫፉ ላይ ያለው ቀጭኑ ነው። እሱ ደግሞ ከግንዱ ርቆ ሄዷል። በአንድ ቀን ቆፍረህ ስታነሳ አብዛኛውን እዚያው መሬት ውስጥ ትተኸው ትመጣለህ። ስለዚህ በበልጉ ዝናብ ዙሪያውን ጠባብ ቦይ ቆፍረህ ሥሩን በስለት ቁረጥ፤ ዛሬ ግማሹን ዙር፣ ሌላውን ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ። ቦዩን አፈርና የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅለህ መልሰህ ሙላው። እስከ ሰኔ ድረስ ግንዱ አጠገብ አዲስ ቀጭን ሥር ያበቅላል፣ ያን ጊዜ ከቦዩ ትንሽ ወጣ ብለህ ታነሳዋለህ። ስፋቱን በግንዱ ውፍረት ለካው፦ አሥር እጥፍ። ግንዱ 6 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የምታነሳው አፈር 60 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ጥልቀቱ 40 ቢሆን ይበቃል።

መስከረምን አልመክርም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ተክሉ ሳይጠነክር የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይደርስበታል። ኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ስለምትል ፈተናው ፀሐዩ ነው፤ እዚያ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጥላ ሥሩለት።

ጥያቄ (ጢጣ)፦ ባለፈው ክረምት ሎሚ አዛውሬ በየቀኑ ውሃ አጠጣሁት፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ። አፈሩ ዋልካ ነው።

እትዬ፣ ያፈነው ውሃው ይመስለኛል። ዋልካ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ እንደ ገንዳ ውሃ ይይዛል፣ ሥሩም አየር ያጣል። ውሃውን ይቀንሱ፤ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ሰድደው እርጥብ ከሆነ አያጠጡ። ማዳበሪያም አሁን አይጨምሩበት። ቅጠል ረገፈ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፦ ቅርፊቱን በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት፣ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ወደፊት ጉድጓዱን ከማጥለቅ ይልቅ ያስፉት፣ በዶማው የተለሰነውን የጉድጓዱን ግድግዳ ጫር ጫር ያድርጉ፣ ተክሉንም ከመሬቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይትከሉ። አፈሩ ጉዝጓዝ (ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል) ይልበስ፣ ግን ግንዱን አይንካ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ፓፓያና ሙዝስ?

ፓፓያውን ተወው። ሥሩ መነካት አይወድም፣ ከዘር ብታበቅለው ደግሞ በዓመት ገደማ ታፈራለህ። ከሙዙ እናቲቱን ሳይሆን ልጇን ውሰድ፤ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጠን ያለውን፣ ሰፊ ቅጠል ያለው ደካማ ነው።

ጥያቄ፦ ያረጀ የጥብስ ቅጠልና ጠጅ ሳር አለኝ።

ጠጅ ሳሩን ከፋፍለሽ፣ ቅጠሉን አሳጥረሽ ትከይ፣ ቀላል ነው። የጥብስ ቅጠል ግን አይከፈልም፣ ካረጀም መዛወር ይከብደዋል፤ ለጋውን ጫፍ ቆርጠሽ አዲስ አጽድቂ።

ጥያቄ፦ ሲዛወር የዛፉ ግማሽ ቅርንጫፍ መቆረጥ አለበት ይላሉ፤ እውነት ነው?

እኔም ለዓመታት እንደዚያ አደርግ ነበር፣ አሁን ትቻለሁ። አዲሱን ሥር የሚመግበው ቅጠሉ ነው። የተሰበረውንና የደረቀውን ብቻ አንሱ። እንደ ጽጌረዳ ያለው ቁጥቋጦ ለብቻው ነው።

ጥያቄ (ደሴ)፦ የአባቴ ወይራ ግንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። አዲሱ ግንብ በላዩ ሊያልፍ ነው። ስንት ሰው ላምጣ?

ወንድሜ፣ በስሌቱ የሚነሳው አፈር አንድ ሜትር ተኩል ይሰፋል፤ አፈሩ ብቻ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። በሰው ትከሻ አይሆንም፣ ጎትታችሁት ደግሞ አፈሩ ከተበተነ አበቃ። ግንበኛውን አነጋግረው። ግንቡ ወይራው ጋ ሲደርስ ሁለት ሜትር ያህል እልፍ ብሎ ቢታጠፍና መሠረቱ ወፋፍራም ሥሮቹን ባይቆርጥ፣ ወይራው ካለበት አይነቃነቅም።