ማንጎዬን የገደለው አፈሩ ነው ወይስ ብርዱ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ደብረ ብርሃን ነው ምኖረው። አምና ባህር ዳር ዘመድ ጥየቃ ሄጄ 4 የማንጎ ችግኝ ይዤ መጣሁና ግቢዬ ውስጥ ታች በኩል ተከልኳቸው፣ ክረምቱን ደህና ነበሩ፣ ህዳር ላይ ግን አንድ ቀን ጠዋት ስወጣ ቅጠላቸው የተቀቀለ ጎመን መስሎ ጠበቀኝ፣ በሳምንቱ ደረቁ። ጎረቤቴ "አፈሩ ነው፣ ማዳበሪያ ጨምሪበት" ትለኛለች። እውነቷን ነው? በነሱ ቦታስ ምን ልትከል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለማዳበሪያ ብር እንዳታወጪ። የገደለው ውርጭ ነው፣ ያ የተቀቀለ ጎመን ያልሽው ራሱ ምልክቱ ነው። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ እናንተ ጋር ደሞ 2,800 አካባቢ፣ 1,000 ሜትር በወጣሽ ቁጥር በግምት 6 ዲግሪ ይቀንሳል፣ ስለዚ እዚያ በቲሸርት ያመሸሽበት ሰዓት እዚህ ጋቢ ያስደርባል። ለጋ ማንጎ ደሞ ከዜሮ በታች ከወረደበት አለቀለት። ታች በኩል መትከልሽም አባብሶታል፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ልክ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ይወርድና እዚያው ይተኛል።

ጎረቤትሽም ግን አፈሩን መጠርጠሯ አልከፋም። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካየሽ አፈርሽ መረሬ ነው፣ ክረምት ሲመጣ አብጦ ውሃውን ይዞ ቁጭ ይላል፣ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል፣ ይሄን ደሞ ማዳበሪያ አይፈታውም። ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሪና ውሃ ሙዪው፣ በማግስቱም ውሃው እዚያው ካለ ወደ ላይኛው ጥግ ሂጂ፣ ቦታ ከሌለሽ ሰሜን ሸዋ ያለችው የእነዋሪ ገበሬ ለስንዴው በእጁ እንደሚሰራው አፈሩን ከፍ አድርገሽ መደብ ስሪና እላዩ ላይ ትከዪ።

ለጥላ ከሆነ ጽድና ኮሶ የሀገሩ ናቸው፣ ብርዱን ለምደውታል። ፍሬ ካማረሽ አፕል። ጋሞ ውስጥ ጨንቻ ላይ እንዲያ የሚያፈራው ደጋ ስለሆነ ነው፣ አፕል ብርድ ካላገኘ እንቡጡ በደንብ አይነቃም፣ ማንጎሽን የፈጀው ብርድ ለሱ ሲሳይ ነው። የተዳቀለ (ቅርንጫፉ ሌላ ሥር ላይ የተጣበቀ) ችግኝ ግዢ፣ ደሞ አንዱ ላንዱ የአበባ ዱቄት እንዲሰጥ ሁለት የተለያየ ዓይነት ጎን ለጎን ይሁን። ስማቸውን ጠይቀሽ ውሰጂ፣ እኔ አንድ ዓይነት ሁለት ሸጠውልኝ 3 ዓመት ሙሉ አበባ ብቻ ሳይ ኖሬያለሁ።