ልጆቻችንና የስኪ ክለብ ደንብ፦ ለሚኒሶታ ወላጆች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። በሚኒያፖሊስ አካባቢ በአንድ የልጆች ክሮስ ካንትሪ ስኪ ክለብ በበጎ ፈቃድ ረዳት አሰልጣኝ ከሆንኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ሁለቱ ልጆቼም እዚያው ነው ያደጉት። ለማያውቀው ሰው ልንገር፤ ይሄ ከተራራ ቁልቁል የሚወረወሩበት ስኪ አይደለም። ሜዳውንም ዳገቱንም በራስ ጉልበት ነው የሚሄዱት። በበረዶ ላይ የሚደረግ አገር አቋራጭ ሩጫ በሉት።

በየዓመቱ ምዝገባ ሲከፈት ስልኬ አያርፍም። ወላጅ የሚፈርመው ወረቀት ብዙ ነው፣ እንግሊዝኛው ደግሞ የጠበቃ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ጥያቄያችሁን ሰብስቤ ባንድ ላይ እመልሳለሁ።

«ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እንኳን ስኪ፣ በረዶ ላይ በወጉ አይራመድም። ይቀበሉታል? የእኛ ሰውስ በዚህ ስፖርት አለ?»

ይቀበሉታል እህቴ። በክለባችን ትንንሾቹ የሚጀምሩት ያለ መደገፊያ ዱላ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ወድቆ መነሳት ነው። በጎናቸው ይተኛሉ፣ ሁለቱን ስኪ ጎን ለጎን ያስተካክላሉ፣ በጉልበታቸው ይነሳሉ። ከዚያ ደግመው ይወድቃሉ። ሳቁ ከሩቅ ይሰማል።

የእኛ ሰውማ አለ። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በዚሁ በክሮስ ካንትሪ ተወዳድሯል። ባንዲራችንን ወደ ክረምት ኦሎምፒክ ያስገባው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ለልጅሽ ንገሪው።

«ወረቀቱ አሰልጣኝ ከልጅ ጋር ብቻውን አይሆንም ይላል። ሰውየውን ካላመኑት ለምን ልጅ ይሰጡታል?»

ወንድሜ፣ ይህን ያልጠየቀኝ ወላጅ የለም። እኛ ያደግነው ልጅ ለአስተማሪ «ቅጡልኝ» ተብሎ በሚሰጥበት አገር ነው። መምህርን መጠርጠር ነውር ነበር። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ይህን ስፈርም ቅር ብሎኛል።

ደንቡ የመጣው ግን ከባድ ነገር ደርሶ ነው። ላሪ ናሳር የሚባለው የአሜሪካ ጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም ለዓመታት ልጆችን ሲበድል ኖሯል። አንዳንዴ እናት ወይም አባት እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የተከበረ ሰው ስለነበር ማንም አልጠረጠረውም። በ2018 ፍርድ ቤት ቀርበው የበደላቸውን ያሰሙት ከ150 በላይ ናቸው። በዚያው ዓመት አዲስ የፌዴራል ሕግ ወጣ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ዴንቨር ላይ ሥራ የጀመረው፣ ስፖርተኞችን ከበደል የሚጠብቀው የአሜሪካ ሴፍስፖርት ማዕከልም በሕግ ሥልጣን አገኘ። ክለባችን በብሔራዊው የስኪ ማኅበር ሥር ስለተመዘገበ በማዕከሉ ደንብ ይተዳደራል።

ደንቡ አሰልጣኝ ልጅን አያናግር አይልም። የሚያናግረው ሌላ ሰው ሊያያቸው በሚችልበት፣ ካስፈለገም ገብቶ ሊያቋርጣቸው በሚችልበት ቦታ ይሁን ነው የሚለው። ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ ግን የልጁን ሕይወት ማዳን ይቀድማል።

ሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል ላሳይህ። አምና አንዲት ልጅ ዳገት ላይ ስኪዋ ወለቀ። ጫማዋን ከስኪው የሚያያይዘው ማሰሪያ በበረዶ ተደፍኖ አልገባ አላት። ቡድኑ ጥሏት አለፈ፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ። መንገዱ እዚያ ጋ ወደ ጫካ ይታጠፋል። «ነይ እስከ መገናኛው ድረስ እንሂድ» አልኳት። ስኪዋን ተሸክሜላት ሰው ወደሚያልፍበት ሰፊ መንገድ ወጣን። እዚያ ተንበርክኬ በዱላዬ ጫፍ በረዶውን ፈነቀልኩላት። የወሰደብን ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ልጅቷ ምንም የተለየ ነገር አልታያትም። እኔም ጥርጣሬ ላይ አልወደቅኩም። ደንቡ ልጁን ብቻ ሳይሆን ደህናውን አሰልጣኝም ይጠብቃል።

ከልጆች ጋር የምንሠራ አዋቂዎች በሙሉ ወንጀል እንደሌለብን ይጣራል፤ የሴፍስፖርቱንም ትምህርት በየዓመቱ እንወስዳለን። አሰልጣኙን «ወስደሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሉኝታ አይያዛችሁ። እኔን የጠየቀኝን ወላጅ ይበልጥ አከብረዋለሁ እንጂ አልቀየመውም።

«አሰልጣኙ ለልጄ በግል ቴክስት ላከላት። የልምምድ ሰዓት ተቀይሯል የሚል ነው። ክፉ ነገር የለበትም። ዝም ልበል?»

ዝም አትበይ። መልእክቱ ንጹሕ ቢሆንም አንቺ ወይም ሌላ አዋቂ አብሮ ሊደርሰው ይገባ ነበር። ለአንድ ልጅ ብቻ የሚላክ ማንኛውም ነገር ለወላጅ ወይም ለሌላ አዋቂ አብሮ እንዲደርስ ደንቡ ያዛል። ኢንስታግራምም ስናፕቻትም ያው ነው። «እኔንም ጨምረኝ» ብለሽ መልሺለት። ደህና ሰው ከሆነ ይቅርታ ጠይቆ ያስተካክላል።

«ቅዳሜና እሁድ ሁለታችንም ሥራ ነን። አሰልጣኙ ቤቱ ቅርባችን ነው። ልጄን በመኪናው ያምጣልኝ ብል ነውር ነው?»

ነውርስ አይደለም። ግን አሰልጣኙ ልጅሽን ብቻውን ይዞ የሚሄደው አንቺ አስቀድመሽ በጽሑፍ ከፈቀድሽ ነው። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ በፈለግሽ ጊዜም ታነሺዋለሽ። የእኔ ምክር ሌላ ነው። ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጣመሩ። አንድ ሳምንት እነሱ፣ አንድ ሳምንት እናንተ። በእኛ ቡድን ሦስት የሐበሻ ቤተሰቦች እንደዚህ እያደረጉ ክረምቱን አለፉት፣ ልጆቹም ወዳጅ ሆኑ። ለውድድር ወጥተው ሲያድሩ ደግሞ አሰልጣኝ ከልጆች ጋር አንድ የሆቴል ክፍል አይተኛም። ልጆች ከልጆች፣ አዋቂ ለብቻው።

«ከሥራ ስወጣ ትንሽ እዘገያለሁ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ። ችግር አለው?»

አለው። ከላይ ያልኩትን አስታውስ፤ አሰልጣኝ ከልጅህ ጋር ብቻውን መቆም ስለማይችል አንተ ስትዘገይ ሁለት ሰው ነው የሚቀረው። አንድ ምሽት የአንድ ልጅ ወላጅ ግማሽ ሰዓት ዘገየ። ሁለት አሰልጣኞች ፓርኪንጉ መብራት ሥር ከልጁ ጋር ቆምን። ላቡ ደርቆበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ጃኬቴን ደረብኩለት። አባቱ ሲደርስ ልጁ ቀና ብሎ አላየውም። እንደምትዘገይ ካወቅህ አስቀድመህ ደውል፣ ለልጁም ደረቅ ሹራብና ካልሲ በቦርሳው አድርግለት።

«ጋሼ፣ እኔ 14 ዓመቴ ነው። አንድ ረዳት አሰልጣኝ ትንሽ ብትቀንሺ ዳገቱን ትበሪያለሽ አለኝ። ለማማ አልነገርኳትም።»

የኔ ልጅ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ያ ሰው ተሳስቷል። በክለባችን ደንብ ስለ ልጅ ክብደትና ቅርጽ አስተያየት መስጠት ክልክል ነው፤ በቀልድም፣ በምክርም። ዛሬውኑ ለማማ ንገሪያት። ከዚያ አብራችሁ ለዋናው አሰልጣኝ ወይም ክለቡ ለሴፍስፖርት ለመደበው ሰው ንገሩ። አንቺ ሰው አላሳጣሽም።

ጄሲ ዲጊንስን ታውቂያታለሽ። የዚሁ የሚኒሶታ፣ የአፍተን ልጅ ናት። በ2018 ከኪካን ራንዳል ጋር ሆና ለአሜሪካ በክሮስ ካንትሪ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አመጣች። በወጣትነቷ ግን በአመጋገብ መታወክ ታማ ነበር። ታክማ ተሻላት፣ ዛሬ በአደባባይ ትናገረዋለች። ዳገት የሚያስወጣው የበላ ሰውነት ነው።

ወላጆች፣ ይሄ እኛንም ይመለከታል። «ወፈርሽ፣ ከሳሽ» ማለት ለእኛ ሰላምታ ነው። እዚህ ላደገች ልጅ ግን ሌላ ትርጉም አለው። ሜዳው ዳር እንተወው።

«ከበድ ያለ ነገር ብሰማስ? መጀመሪያ ሽማግሌ ልላክ?»

ልጅ ተበድሏል የሚል ጥርጣሬ ከሆነ ሽምግልና አይገባበትም። እውነት መሆን አለመሆኑን ማጣራት የእናንተ ሥራ አይደለም። እኛ አሰልጣኞች በሰማን በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስና ለሴፍስፖርት ማዕከል ማሳወቅ ግዴታችን ነው። እናንተም በቀጥታ መደወል ትችላላችሁ። «የሰው ስም ላጠፋ ነው» እያሉ ሲያመነቱ ሁለት ክረምት ያለፈባቸው ቤተሰብ አውቃለሁ፣ ዛሬም ይቆጫቸዋል። እንደ መሳደብ፣ እንደ መገፋፋት ያለውን የልጆች ጥል ግን ክለቡ ራሱ ያየዋል። መጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎ ወላጅ መጥራት፣ ካልተመለሰ ለጊዜው ማገድ።

«መንገዱ ላይ ልጄን ተቆጡት። ጠርዙን በእግሩ ስለሄደ ነው አሉ። ይሄ ምኑ ያስቆጣል?»

የተጠረገውን መንገድ ሌሊት ማሽን ነው የሚያነጥፈው። በቀኝ በኩል ሁለት ቀጭን ቦዮች አሉ፤ ስኪው ቀጥ ብሎ ለሚሄድበት ለክላሲክ ስኪ ናቸው። ጫማ የረገጠው ጉድጓድ ሌሊቱን ይደርቃል። ጠዋት በፍጥነት የሚመጣ ልጅ ስኪው እዚያ ሲገባ በግንባሩ ይደፋል። ቁጣው ግን በልክ መሆን ነበረበት፤ ለልጅ ምክንያቱን ማስረዳት ይበቃል።

ሌላው ቀላል ነው። ቁልቁል ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣል። የወደቀ ቶሎ ከመንገዱ ይወጣል። ከኋላ «ትራክ!» ሲባል ስድብ አይደለም፣ አሳልፈኝ ማለት ነው። ውሻ ይዞ መግባት ለውሻ በተፈቀደበት መንገድ ብቻ ነው። ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ደግሞ የስቴቱን የስኪ ፈቃድ ይገዛል፤ ከዚያ በታች ያለ ልጅ አያስፈልገውም።

«የወንድሜ ልጅ የተጠቀመበት አሮጌ የስኪ ሰም ቤት ውስጥ አለ። ይዘን እንምጣ?»

ፍሎሮ የሚል ካለበት አታምጡ። ስኪውን በጣም ያፈጥነዋል፤ ነገር ግን ከሰውነትም ከውኃም የማይጠፋ ኬሚካል ነው። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ከ2023-24 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከልክሎታል። ሚኒሶታም ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ እንዲህ ያለ ኬሚካል የተጨመረበት የስኪ ሰም እንዳይሸጥ አግዳለች። ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፣ ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ውሰዱት።

«ገና፣ ጥምቀት፣ ጾም… ሁሉም በስኪው ወቅት ነው። ልጄ ቢቀር ከቡድን ይወጣል?»

አይወጣም። ቀኑን አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 እንደሆነ አሰልጣኙ ከየት ያውቃል? እኔ በኖቬምበር የበዓላቱን ዝርዝር ለክለቡ እሰጣለሁ፣ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ያላቸው ልጆች በሌላ ቀን ልምምድ ያካክሳሉ። ለሚጾም ልጅ ከውድድር በኋላ የሚሰጠው ትኩስ ቸኮሌት ወተት አለበት፤ በቴርሞስ ሻይ፣ በከረጢት ቆሎ ያዙለት። አንድ ጊዜ ቆሎ ይዤ ሄጄ የልጄ ጓደኞች እፍኝ እፍኝ እያሉ ጨረሱት። ለሚጾሙ ሙስሊም ልጆችም ያው ነው፤ ንገሩን፣ ልምምዱን እናቀልላለን። በሒጃብ ላይ የሚጠልቅ ቀጭን የስኪ ኮፍያም አለ።

«ስንት ዲግሪ ሲሆን ይሰረዛል?»

በዓለም አቀፉ ደንብ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ሴልሺየስ ካለፈ ውድድር አይካሄድም። በፋራናይት 4 ከዜሮ በታች ማለት ነው። ለትንንሾቹ እኛ ከዚያ በፊት እናቆማለን፤ ንፋሱንም እናያለን። ልጁ ጉንጩ ወይም የአፍንጫው ጫፍ ነጭ ሆኖ ከደነዘዘው ወዲያው ወደ ሞቀ ክፍል። በበረዶ አትሹት፣ ያ የድሮ ስህተት ነው።

«በረዶ ሳይጥል ቢቀርስ ገንዘባችን?»

በ2024 ክረምት በረዶ እንደጠፋ ታስታውሳላችሁ። በፌብሩዋሪ በሚኒያፖሊስ ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ የክሮስ ካንትሪ የዓለም ዋንጫው የተካሄደው በማሽን በተሠራ በረዶ ነው፤ ሕዝቡም ጎርፎ መጣ። እኛም በማሽን በረዶው ላይ በተራ በተራ እንለማመዳለን፣ ካልሆነ በእግር እንሮጣለን። ክፍያ ግን አይመለስም። ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንቀጽ አንብቡ። አቅም ለሌለው ቤተሰብ የክፍያ እገዛ ስላለ ጠይቁ፤ የሚያፍርበት ነገር የለም።

«ውድድር ላይ መጮህ ይፈቀዳል?»

ጩኹ! ዕልልም በሉ። ስሙን ጥሩት። «ለምን አልቀደምከውም» ግን አይባልም፣ የሌላው ልጅ ስምም በክፉ አይነሳም። የሰው ልጅ ፎቶ ወላጁ ሳይፈቅድ ቲክቶክ ላይ አይወጣም። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ያላት እህቴ፣ ቅዳሜ ስትመጡ ሁለት ጓንት ያዥለት። አንዱ በመጀመሪያው ሰዓት ይረጥባል።