በ16 ወር ነርስ እንሁን ለምትሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ሌላ ሙያ ተምራችሁ እዚህ አሜሪካ ወደ ነርሲንግ ለመዞር የምታስቡ ብዙዎች ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄያችሁ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ሰው ከ11 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ በነርሲንግ ባችለር የሚያስመርቅ የግል ዩኒቨርሲቲ አግኝቻለሁ፤ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? በሆስፒታል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ተማሪዎችንም በሕሙማን አልጋ አጠገብ አሠልጥኛለሁ። ጡረታዬ ስለተቃረበም የማስበውን ሳልሸፋፍን ልጻፍላችሁ።

ዘመዶቻችሁ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያሉ እንደሚያስፈራሯችሁ አውቃለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ፕሮግራሙ ያጠረው እንግሊዝኛውን፣ ታሪኩንና ሌላውን አጠቃላይ ትምህርት ቀድማችሁ ስለጨረሳችሁ ነው። የምትፈተኑት የአራት ዓመቱ ተማሪ የሚፈተነውን፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና ነው፤ የምታገኙትም ፈቃድ ያው ነው። በስንት ወር እንደተማራችሁ የሚጠይቃችሁ ሕመምተኛ አይገጥማችሁም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ በእነዚያ ወራት የቤት ኪራያችሁን ማን ይከፍላል?

ይህን እንደ ቀላል አትለፉት። ፕሮግራሙ ረጅም የበጋ ዕረፍት የለውም። የሳምንቱ ግማሽ በክፍልና በላብራቶሪ ያልቃል፤ የተቀረው በሆስፒታል ልምምድ፤ አንዳንዱ የልምምድ ቀን 12 ሰዓት ይፈጃል። ቅዳሜና እሑድ ለሰኞ ፈተና ነው። ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ሥራ አትያዙ ብለው ይመክራሉ። የእኛ ልጆች ምክሩን ቢሰሙም አገር ቤት በየወሩ የሚጠበቅ ገንዘብ አለ። ስለዚህ ሌሊቱን አረጋውያንን ሲያገላብጡ አድረው፣ መኪና ውስጥ ልብስ ቀይረው ወደ ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች አይቻለሁ። ከወደቁት መካከል ሰነፍ የምለው ጥቂት ነው፤ የደከመው ግን ብዙ ነው። ባል ወይም ሚስት፣ ወንድም ወይም እህት፣ አለዚያም ያጠራቀማችሁት ገንዘብ ያንን ጊዜ ካላሻገራችሁ፣ የመግቢያ ውጤታችሁ የቱንም ያህል ቢያምር አትጀምሩ እላለሁ።

ድካም ምን እንደሚያደርግ ላሳያችሁ። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ለልብ ድካም ሕመምተኛ የጠዋት መድኃኒት ይዛ ቆማለች፤ ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒትና ፉሮሰማይድ የሚባለውን ሽንት የሚያሸና መድኃኒት። ስጠይቃት ሁለቱንም እንደ ውዳሴ ማርያም አወረደችልኝ። ዲጎክሲን ከመሰጠቱ በፊት የልብ ምት አንድ ሙሉ ደቂቃ ይደመጣል፤ ከ60 በታች ከሆነ አይሰጥም። ፉሮሰማይድ ደግሞ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣል። ምቱን አዳመጠች፤ 72። ኪኒኑን ልትሰጥ እጇን ስትዘረጋ «የዛሬውን ፖታሲየም አየሽው?» አልኳት። 2.9 ነበር፤ ዝቅ ያለ። ፖታሲየም ሲወርድ ዲጎክሲን በቀላሉ መርዝ እንደሚሆን ታውቃለች፤ ተፈትናበታለች። እዚያ አልጋ አጠገብ ግን ሁለቱ እውቀቶች አልተገናኙላትም። መድኃኒቱን አቆይተን ሐኪሙን ጠራን።

በተፋጠነ ትምህርት እውቀቱ ይገባል፤ የሚያጥረው የሚረጋበት ጊዜ ነው። እንቅልፍ የሌለው ተማሪ ያንን ትንሽ ጊዜም ያጣል። ኤንክሌክስም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በዚህ ላይ በርትቷል፤ የሕመምተኛ ታሪክ ሰጥቶ የትኛው ምልክት እንደሚያሳስብና መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ ይጠይቃል። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ እስከ 5 ሰዓት። የሸመደደ ብቻ አይዘልቀውም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንምጣ። ሲ.ሲ.ኤን.ኢ ወይም ኤ.ሲ.ኢ.ኤን ከሚባሉት እውቅና ሰጪዎች የአንዱ እውቅና እንዳለው፣ የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድም እንዳጸደቀው አረጋግጡ፤ ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 የፌዴራል ዓቃቤ ሕግ ይፋ ያደረገውን የፍሎሪዳ ጉዳይ አስታውሱ፤ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማዎች ተሽጠው ነበር። «ክፍል ሳትገቡ» የሚል ሁሉ ከዚያ ወገን ነው።

ከዚህ የረቀቀው ግን የማለፊያ መቶኛ ነው። ብዙ ቦርዶች ከየትምህርት ቤቱ ስንት በመቶው ኤንክሌክስን በመጀመሪያ ሙከራ እንዳለፈ ያወጣሉ። ቁጥሩ 95 ሆኖ ስታዩ ደስ አይበላችሁ ገና። አንዳንድ ትምህርት ቤት በመጨረሻው ሴሚስተር የመውጫ ፈተና ይሰጣል፤ ያንን ያላለፈ አይመረቅም፣ ካልተመረቀም ኤንክሌክስ አይቀመጥም። የወደቁት ከቁጥሩ ይወጣሉ፤ ብድራቸው ግን አብሯቸው ይቆያል። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት በመቶ አለፈ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ገብቶ ስንቱ በጊዜው ተመረቀ?» መሆን አለበት። የምዝገባ ሠራተኛው ወሬ ከቀየረባችሁ መልሱን ሰጥቷችኋል። ከሕመምተኛ ጋር የሚያልፈው የልምምድ ሰዓት ስንት እንደሆነም ጠይቁ፤ በአሻንጉሊት ሕመምተኛ የሚደረግ ልምምድ ጥሩ ነው፣ ግን የሚጠይቅና የሚቆጣ ቤተሰብ የለውም።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት ድጎማ በመደበኛው አይሰጥም። ለባችለር ትምህርት የሚሰጠው የፌዴራል ብድር ራሱን ለሚያስተዳድር ተማሪ በዓመት ቢበዛ 12,500 ዶላር፣ በጠቅላላ 57,500 ነው፤ ለመጀመሪያው ዲግሪ እዚህ የተበደራችሁት ሳይከፈል ከቆየም ከዚሁ ይቀነሳል። የግል ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ይህንን በቀላሉ ያልፋል፤ ቀሪው የግል ብድር ይሆናል። ለትርፍ ባልቆመ ሆስፒታል ሠርታችሁ 120 ወርሃዊ ክፍያ ስትፈጽሙ የሚሰረዘው የፌዴራሉ ዕዳ ብቻ ነው። የግሉ አይነካም።

እንግዲህ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን የሚንቁ ልጆች ያናድዱኛል። በሁለት ዓመት የነርሲንግ ትምህርት ያንኑ ኤንክሌክስ ተፈትኖ ያው ነርስ የሚሆን ሰው፣ ባችለሩን ደሞዝ እየበላ፣ ብዙ ጊዜም ቀጣሪው ከፊሉን እየከፈለለት ይጨርሳል። ኒው ዮርክ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ነርስ ከሆኑ በኋላ ባችለር ለመያዝ 10 ዓመት ሰጥታለች። እርግጥ ትልልቅ ሆስፒታሎች ባችለር ያለውን ያስቀድማሉ፤ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወረፋም ይረዝማል። ወረፋው ሁለት ዓመት ከሆነና ኪራያችሁን የሚሸፍን ሰው ካለ የተፋጠነው ያዋጣል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ «ግባ» ለማለት አላመነታም።

አገር ቤት ነርስ ለነበራችሁ ግን መንገዱ ይህ አይደለም። እንደገና ከመማራችሁ በፊት ማስረጃችሁን ሲ.ጂ.ኤፍ.ኤን.ኤስ ይባል በነበረው፣ አሁን ትሩሜሪት በተባለው ድርጅት አስገምግሙና ለስቴቱ ቦርድ አቅርቡ። የጎደለ ኮርስ ቢኖር ያንን ብቻ አሟልቶ ኤንክሌክስ መቀመጥ ሊቻል ይችላል።

ልትገቡ ወስናችሁ ከሆነ ቅድሚያ ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት የገንዘብ ተመላሽ ደንቡን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ብታቋርጡ ከፌዴራል ብድራችሁ ላልተማራችሁበት ጊዜ የሚታሰበው ድርሻ ወደ መንግሥት ይመለሳል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ክፍያውን በራሱ ደንብ ያሰላል፤ ልዩነቱ በእናንተ ላይ ዕዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። «ቦታው ዛሬ ማታ ያልቃል» የሚል ስልክ ቢደወልላችሁ ደንቡን አንብባችሁ ነገ እንደምትመልሱ ንገሯቸው።